የቅድመ አያቴ መቃብር ሊነሳ ነው፤ ድሬዳዋ ያላችሁ እርዱኝ!

የልጅ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አስቸኳይ ነው። ቅድመ አያቴ የተቀበሩበት ደብር ግቢውን ሊያድስ ነው። የድሮ መቃብር ያለው ቤተሰብ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመለከተ አጽሙ ተለቅሞ በአንድ ቦታ ይቀበራል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል። የአክስቴ ልጅ ቢሮ ገብታ ስማቸውን ብትጠይቅ “እንዲህ የሚባል መዝገባችን ላይ የለም” ብለው መለሷት። እኛ ግን እዚያ መቀበራቸውን አያቴ እያለቀሰች ስትነግረን ነው ያደግነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ምን ላድርግ? በናታችሁ ቶሎ።

ለገሃሬ፦
የትኛው ደብር? መቼ አረፉ? የክርስትና ስማቸውስ ማነው? አቦ፣ አንዱንም ሳትነግረን እንዴት እንፈልግልህ!

የልጅ ልጅ፦
የደብሩን ስም በውስጥ ልኬልሃለሁ። ያረፉት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፣ ዓመቱን በትክክል የሚያውቅ የለም። ባላቸው የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ከዚራ ሰፈር ነበር። የክርስትና ስም አላውቅም፤ የጠየቅነው በመጠሪያ ስማቸው ነው።

ዲያቆኑ፦
ወንድሜ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። የድሮ ካህን መዝገብ ላይ ሲያሰፍርም ብዙ ጊዜ ያንኑ ይጽፋል። ሰፈሩ በሙሉ በመጠሪያ ስማቸው ቢያውቃቸውም መዝገቡ ላይ “ወለተ” ብሎ የሚጀምር ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “የለም” ስላሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በመጀመሪያ ስሙን ፈልጉ። የቤተሰቡን የነፍስ አባት ጠይቁ፣ እሳቸው ካረፉ የተተኩትን። የ40 ቀኑን ወይም የሙት ዓመቱን ተዝካር የሚያስታውስ አዛውንት ካለ በማን ስም እንደተጸለየ ያውቃል። ቤት ውስጥ የቆየ ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም ካለ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ። የባለቤቱ የክርስትና ስም እዚያ ላይ ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነምበር ዋን፦
ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። የሞት ምስክር ወረቀት ያወጡላችኋል።

ለገሃሬ፦
የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በንጉሡ ዘመን ያረፉትን ሰው እዚያ ቢፈልግ ቀኑን ሰልፍ ላይ ይጨርሳል።

የከዚራዋ እናት፦
ልጄ፣ እድርስ ጠይቃችኋል? ድንኳን የጣለው፣ መቃብር የቆፈረው፣ ገንዘብ የከፈለው እድር ነው። የቀብሩ ቀንና የደብሩ ስም በጸሐፊው ደብተር ይሰፍራል። እዚያ ደግሞ የሚጻፈው በመጠሪያ ስም ነው። እድሩ ቢፈርስ እንኳ ደብተሩ የመጨረሻው ጸሐፊ ልጆች ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። የሴቶቹን እድር ለብቻ ጠይቁ፤ ደብተራቸው ሌላ ነው።

ጡረተኛው ባቡረኛ፦
እዚህ ላይ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም አብራው ተወለደች። ፈረንሳዮቹ “አዲስ ሐረር” ሊሏት ነበር፣ አልያዘም። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም፣ ዓረቡም እዚህ ኖሮ እዚህ ሞቷል። በ1933ቱ ጦርነት የወደቁ የእንግሊዝ ጦር ወታደሮችም የራሳቸው መቃብር አላቸው። አሁን ወደ አንተ ልምጣ ልጄ። የኩባንያው ወረቀት በፈረንሳይኛ ነበር፣ ቀኑም በፈረንጅ። ከባላቸው የቀረ ዶሴ ወይም የጡረታ ወረቀት ካለ የሚስት ስም ይኖርበታል። ዓመቱን ስታነብ ተጠንቀቅ። 1957 የሚል ብታይ በእኛ 1949 ወይም 1950 ነው፣ እንደ ወሩ። መዝገብ ቤቱ የተሳሳተ ዓመት ገልጦ “የለም” ብሎህ ይሆናል።

ነምበር ዋን፦
የክርስትና ስም ጠይቁ። መዝገቡ በክርስትና ስም ነው።

ለገሃሬ፦
ዲያቆኑ ተናግሮታል እኮ ወንድሜ።

ጁገል በር፦
ቆይ፣ ድሬ ለመቀበራቸው ምን ማስረጃ አላችሁ? ድሬ የኖረ ሁሉ ድሬ አልተቀበረም። ዘመዶቻቸው ሐረር ከሆኑ አስከሬኑን የደንገጎን ዳገት አስወጥተው ከወላጆቻቸው ጎን አሳርፈዋቸው ይሆናል። ራስ መኮንን እንኳ ቁልቢ አርፈው የተቀበሩት ሐረር ሚካኤል ነው። ካቶሊክ ከነበሩ ደግሞ የሚፈለገው ሌላ ነው። የሚሲዮን ቁምስናዎች የሟቾች መዝገብ ለብቻ ይይዛሉ፣ የድሮው በላቲን ወይም በፈረንሳይኛ ነው። ደግሞስ አጽሙ ከቅጽሩ አይወጣም። በፍትሐት ስማቸው ከተጠራ ሐውልቱ ምን ያደርጋል?

የልጅ ልጅ፦
ኦርቶዶክስ ናቸው። ሐውልት ልሠራ አይደለም። አያቴ በየዓመቱ ከአዲስ አበባ በባቡር እየመጣች እዚያ ታለቅስ ነበር። የእሷ ልጆች አርጅተዋል። ቦታው ከጠፋ ልጆቼን ወዴት እወስዳቸዋለሁ? አሁን የአክስቴ ልጅ ተመልሳ ሄዳ ነበር። ከአጥሩ ጥግ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሲሚንቶው የተሰነጠቀ አንድ መቃብር አለ አለችኝ። የኒም ፍሬና ቅጠል ሞልቶታል። ፎቶ የነበረበት ክብ ቦታ ባዶ ነው። ከጽሑፉ “ወለተ” የሚለው ብቻ ይነበባል። አክስቴን ስጠይቃት “ወለተ ሚካኤል ናቸው፣ ወይ ወለተ ማርያም” አለች። ለይታ አታስታውስም።

ዲያቆኑ፦
ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ! መዝገቡን በሁለቱም ስም አስገልጡ። ግን ይህ እስኪጣራ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አመልክቱ፤ “ከኒሙ ዛፍ ሥር ያለው መቃብር የቤተሰባችን ሊሆን ስለሚችል ማጣራቱ እስኪያልቅ አይነካብን” በሉ። ፎቶውን አያይዙ። ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ይረሳል።

የሳቢያን ልጅ፦
ጽሑፉን በቀትር አታንብቡት። በቀን 8 ሰዓት ድሬ መቃብር ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ለራሱ ቦታ እየመረጠ ነው 😄 ማለዳ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ የተቀረጸው ጥላ ይጥላል፣ ያኔ ይነበባል። ወይም ሲመሽ የስልክ መብራት ከድንጋዩ ጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሳይሆን በገጹ ላይ ተጋድሞ ይለፍ። ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹህ ውሃ ብቻ አንሱት። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪና፣ አሲድ እንዳታስነኩት፤ የቀረውን ፊደል ይዞት ይሄዳል። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከሆነ ፮ እና ፯ ሲያረጁ ይምታታሉ፣ ሁለቱንም መዝግቡ።

የከዚራዋ እናት፦
የባልየውን ስም በውስጥ ላክልኝ ልጄ። የእኛ ሰፈር የቀድሞ እድር ጸሐፊ ልጅ ጎረቤቴ ናት። ደብተሩን እንዳልጣለችው አውቃለሁ።

የልጅ ልጅ፦
ልኬዋለሁ እማማ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የሳቢያን ልጅ፦
እኔ ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ እዚያው አካባቢ ነኝ። የአክስትህን ልጅ ስልክ በውስጥ ላክ፣ ብሩሽና ውሃ ይዤ እመጣለሁ። ማመልከቻውን ግን እስከ ቅዳሜ አታቆዩት፣ ነገውኑ ገቢ አድርጉ።