አንድ ድምፅ ማፈኛ ለሦስት ጠመንጃ ይሆናል? የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ቆላ_አዳኝ

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ቴክሳስ ነው። ሦስት ጠመንጃ አለኝ። አንደኛው ለአጋዘን የምይዘው 308 ቦልት (በየጥይቱ በእጅ እየተጎተተ የሚጎርስ) ነው፤ በርሜሉ 22 ኢንች፣ አፈሙዙ ላይ 5/8 በ24 ጥርስ (ውፍረቱ 5/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ወጥቶለታል። ሁለተኛው ለከርከሮ የሚሆን ኤአር-15 (በጋዝ ራሱ የሚጎርስ) ነው፤ 5.56፣ 16 ኢንች፣ ጥርሱ 1/2 በ28። ሦስተኛው ክላሽ 7.62 በ39። በጀቴ እስከ 1,000 ዶላር ነው። ሻጩ «ለሦስቱ ሦስት ማፈኛ ያስፈልግሃል» ይለኛል። አንድ ለሁሉም የሚሆን የለም ወይ? ድምፁስ ምን ያህል ይቀንሳል? ደግሞ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም፤ ይፈቀድልኛል?

መልስ 1፦ ባለቶርኖ

ሦስት አያስፈልግህም። 30 ካሊበር (ለ0.30 ኢንች አረር የተሠራ) ማፈኛ ግዛ፣ ለ308ም ለ5.56ም ይሆናል። ዋናው ሕግ ይሄ ነው፦ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ማፈኛ ትንሹን አረር ያሳልፋል፣ ጠባቡ ግን ትልቁን አያሳልፍም። ለ5.56 ብቻ በተሠራው ማፈኛ 308 ከተኮስክ አረሩ ማፈኛው ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ግድግዳ ይመታል፣ ማፈኛው እዚያው ያበቃለታል፣ አንተም ልትጎዳ ትችላለህ።

በ30 ካሊበር ማፈኛ 5.56 ስትተኩስ የምታጣው ጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ነው፤ በጆሮ ብዙም አይለይም። አንዳንድ አምራቾች የፊት ክዳኑን እንድትቀይር ያደርጋሉ፤ ለ5.56 ጠበብ ያለ ክዳን ታስርና ያቺን ጥቂት ዴሲቤል ትመልሳለህ። እኔ አልመክርም። ማታ ላይ ክዳኑን ረስተህ ማፈኛውን ወደ 308 ብታዞረው አረሩ ክዳኑን ይዞት ይሄዳል። ሁለት ጠመንጃ ላይ እያፈራረቅህ የምትጠቀም ከሆነ የ30ውን ክዳን አስረህ ተወው።

ከመክፈልህ በፊት የአምራቹን ሠንጠረዥ እይ። «30 ካሊበር» የተባለ ሁሉ እኩል አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥይት ዝቅተኛ የበርሜል ርዝመት ይጽፋሉ፤ አንዱ 308ን ከ16 ኢንች በታች አይፈቅድም፣ ሌላው ከ308 የሚበረታውን 300 ዊንቸስተር ማግነም ጥይት ጭምር ይችላል። ያንተ 22 እና 16 ስለሆነ አብዛኛው ይሸከመዋል።

መልስ 2፦ ጆሮ_ጠባቂ

ስለ ድምፁ ልመልስ። «ሳይለንሰር» (ጸጥ አድራጊ) የሚለው የማፈኛው የእንግሊዝኛ ስም ሰው ያሳስታል። መሣሪያው ከመኪና ማርሚታ ጋር በመርህ አንድ ነው። (እንዲያውም በ1909 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት ሂራም ፐርሲ ማክሲም ለሞተርም ማርሚታ ይሠራ ነበር፤ አባቱ የማክሲም መትረየስ ፈልሳፊ ናቸው።) ከአፈሙዙ የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ በግድግዳዎቹ መሃል ያዘገየዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል።

308 ያለ ማፈኛ ሲተኮስ ወደ 165 ዴሲቤል ነው። ጥሩ ማፈኛ ከ25 እስከ 30 ገደማ ይቀንስልሃል። ስለዚህ የሚቀርህ ከ140 በታች ወይም እዚያው አካባቢ ነው፤ 140 ደግሞ አንዲት ተኩስ እንኳ ጆሮ ልትጎዳ የምትችልበት ወለል ነው። ማፈኛ ስላሰርክ የጆሮ መከላከያህን አታውልቅ። ጣሪያና ግድግዳ ባለው ተኩስ ቦታ ድምፁ ስለሚመለስ ይብሳል።

ሌላው፣ አረሩ ራሱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው፣ የ308 አረር ከ800 በላይ። ያ እንደ ጅራፍ የሚጮኸው «ጧ» አየሩ ላይ ስለሚፈጠር የትኛውም ማፈኛ አይነካውም። በ1,200 ዶላር የተገዛውም ቢሆን።

መጀመሪያዋ ተኩስ ከተከታዮቹ ጮክ ካለችብህ ማፈኛህ ተበላሸ ማለት አይደለም። ውስጡ የነበረው ኦክስጅን ከባሩዱ ጋር ስለሚነድ ነው። ከሁለተኛዋ ጀምሮ ይስተካከላል።

ቆላ_አዳኝ፦

እናመሰግናለን። ታይታኒየምና ብረት ላይ ግራ ገብቶኛል። ሻጩ ታይታኒየሙን ያሞግሳል፤ ዋጋውም ላቅ ያለ ነው። ርዝመቱስ?

መልስ 3፦ ባለቶርኖ

የሚወስነው አተኳኮስህ ነው። ባለ 30 ካሊበር ታይታኒየም ከ280 እስከ 350 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የብረቱ ከ400 ግራም በላይ ይሄዳል። ልዩነቱ በእጅ ሲይዙት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሸክሙ በርሜሉ ጫፍ ላይ ነው፣ ቁመህ ስታነጣጥር ወደ ታች ይጎትትሃል። ለ308 ቦልትህ ብቻ ቢሆን ታይታኒየም ውሰድ እልህ ነበር።

ታይታኒየም የሚሸነፈው በሙቀት ነው። ከ425 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል፣ ማታም ከአፈሙዙ ነጭ ብልጭታ ይተፋል። ኤአር-15 ላይ ሁለትና ሦስት ባለ 30 ካዝና እያከታተልክ የምታራግፍ ከሆነ እዚያ ትደርሳለህ። ለከርከሮ ማታ ስትወጣም ብልጭታው የማታ ማነጣጠሪያህን ያጥበረብረዋል። ስለዚህ ምርጫህ በጣም የሚያሰቃየውን ጠመንጃ መከተል አለበት፤ ያንተ ኤአሩ ነው። 17-4 የሚባለው የማይዝግ ብረት፣ ወይም የመጀመሪያው ግድግዳ ኢንኮኔል ወይም ስቴላይት (ሙቀት የሚችሉ ቅይጥ ብረቶች) የሆነ።

ርዝመት ከ6 እስከ 7 ኢንች በቂ ነው። ባለ 9 ኢንቹ ትንሽ ጸጥ ይላል፣ ግን 22 ኢንች በርሜልህ ላይ ሲታከል 31 ኢንች ሆኖ ከመኪና ስትወርድ በሩን ይመታል። 5 ኢንቹ ደግሞ 308 ላይ ይጮህብሃል።

በበጀትህ ዙሪያ እንደ ሳይለንሰርኮ ኦሜጋ 300፣ ዴድ ኤር ኖማድ 30፣ ያንኪ ሂል ሬዞኔተር ያሉትን ታገኛለህ። የዚሁ የያንኪ ሂል ቱርቦ ግን ለ5.56 የተሠራ ስለሆነ ስሙን ብቻ አይተህ አትግዛ፣ ካሊበሩን አንብብ።

ከስም በላይ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ኋላው 1.375 በ24 ጥርስ አለው ወይ? «ሀብ» የሚሉት እሱ ነው። ብዙ አምራቾች የተስማሙበት ልክ ስለሆነ፣ ማሰሪያውን (ማፈኛውን ከአፈሙዙ ጋር የሚያያዘውን ክፍል) ብቻ እየቀየርክ የትኛውም ጠመንጃ ላይ ትወስደዋለህ። ሀብ የሌለውን ከገዛህ የአንድ ኩባንያ ማሰሪያ እስረኛ ነህ።

መልስ 4፦ ፊዮርድ

ከኦስሎ። እዚህ ኖርዌይ ማፈኛ ያለ ተለየ ፈቃድ ከሱቅ ይገዛል፤ ለጎረቤት ሰላም ሲባል አደን ላይ የተለመደ ነው። ስለዚህ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ዓይነቱ ብቻ ልጨምር። ለቦልት ጠመንጃ በርሜሉን ወደ ኋላ አልብሶ የሚታሰር ማፈኛ አለ፤ ግማሽ አካሉ በርሜሉ ላይ ስለሚያርፍ ከአፈሙዙ የሚወጣው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ሚዛኑም የተሻለ ነው። ነገር ግን ለኤአር-15ህ አይሆንም፤ የፊት እጀታውና የጋዝ ብሎኩ (ከበርሜሉ ጋዝ ወስዶ ወደ ኋላ የሚልከው ክፍል) ቦታ ይከለክሉታል። አንድ ለሁለት ከፈለግህ ተወው።

የአውሮፓ ጠመንጃ ብትገዛ ደግሞ ጥርሱ በሚሊሜትር ነው፦ 14 በ1፣ 15 በ1፣ 18 በ1። 15 ሚሊሜትሩና 5/8 ኢንቹ (15.9) በዓይን አይለዩም። ዓይንህን አትመን፣ በካሊፐር ለካ። አልገባ ሲል በግድ ያጠበቀ ሰው በርሜሉን ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት ነው የሚሄደው።

መልስ 5፦ ጋዝ_ብሎክ

ኤአሩ ላይ የሚመጣብህን ካሁኑ እወቅ። ማፈኛው ጋዙን ስለሚይዝ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ውጤቱ፦ ጭስ ዓይንህ ውስጥ፣ ቦልቱ (ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሄደ ጥይት የሚያጎርሰው ብረት) ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፣ ቀለህ ሲወጣ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ካዝናው ጥይት ከማቅረቡ በፊት ቦልቱ ያልፈዋል። ቀለሁ የሚወድቅበትን አይተህ ትለየዋለህ፤ አፈሙዙን 12 ሰዓት ብትለው፣ ቀለሁ ወደ 1 እና 2 ሰዓት ወደ ፊት ከተወረወረ ጋዙ በዝቷል፤ ከ3 እስከ 4 ተኩል ከሆነ ደህና ነው።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ርካሹን፦ መደበኛው በፈር (ሰደፉ ውስጥ ቦልቱን የሚያዘገየው ክብደት) 3 አውንስ ነው፣ ኤች2 የሚባለውን 4.6 አውንስ አስገባ። ካልበቃ የሚስተካከል ጋዝ ብሎክ ግጠም። ማፈኛውን አስረህ ብሎኩን ዝጋው፣ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ እያስገባህ ተኩስ። ቦልቱ ኋላ ላይ እስኪቆም ድረስ አንድ አንድ ጠቅታ ክፈት። ሲቆምልህ አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ ጨምርበት፤ ቀዝቃዛ ጠዋትና የቆሸሸ ጠመንጃ ያንን ትርፍ ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትርፉን ሳይሰጥ ይተውና ከወር በኋላ «ጠመንጃዬ ተያዘ» ይላል።

ጋዙን ወደ ፊት የሚያሳልፉ አዳዲስ ማፈኛዎችም አሉ፣ ጭሱን በጣም ይቀንሳሉ። እንደ 308ህ ባለ ቦልት ጠመንጃ ላይ ግን ከተለመደው ትንሽ ይጮሃሉ፣ ዋጋቸውም ይወጣል።

ቆላ_አዳኝ፦

ክላሹንስ ረሳችሁት?

መልስ 6፦ ባለቶርኖ

አልረሳነውም፣ እያዘገየነው ነው። ክላሽ ላይ ሁለት ነገር አለ። ጥርሱ ብዙ ጊዜ 14 በ1 ሆኖ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ ማሰሪያ ለብቻው ትገዛለህ። ዋናው ችግር ግን ጥርሱ ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር እኩል መሃል ላይ ያልወጣበት ክላሽ ብዙ መሆኑ ነው። አፈሙዙ ላይ የፀጉር ያህል ያጋደለ፣ 7 ኢንች ሄዶ መጨረሻው ክዳን ላይ ሲደርስ አረሩን ከግድግዳ ያጋጨዋል። በአረሩና በቀዳዳው ጠርዝ መሃል በየጎኑ ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም።

በሦስቱም ላይ፣ ለክላሹ ግን ግዴታ፣ በማሰተካከያ ዘንግ ፈትሽ። ለካሊበሩ በልኩ የተሠራ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፣ ማፈኛውን እሰር፣ ዘንጉን ከፊት አስገባ፣ የክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ መሃል ላይ መቀመጡን በሁሉም አቅጣጫ እይ። ወደ አንዱ ጎን ከተጠጋ አትተኩስ፤ ከነካማ ጭራሽ። ክላሹን ለባለሙያ ስጥና ጥርሱን በትክክል ያውጣልህ። የ7.62 በ39 አረር ወደ 7.9 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ308 (7.82) ትንሽ ይሰፋል፤ የአምራቹ ሠንጠረዥ በስም ካልፈቀደው አትሞክረው።

ስለ ማሰሪያም እዚሁ ልጨርስ። ለ308ቱና ለኤአሩ አንድ ዓይነት ሾጣጣ ማሰሪያ ግዛ፣ አንዱን በ5/8፣ ሌላውን በ1/2። ስታስር የሚጨፈለቅ ሮንዴላ አታድርግ፤ አንድ ጎኑ ስለሚጨፈለቅ ማፈኛውን ያጋድለዋል። አብሮ የሚመጣውን ቀጭን ሮንዴላ ተጠቀም፤ ማሰሪያው ትከሻው ላይ በትክክል የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ምንም አታድርግ። ጥርሱን በአሴቶን ጠርገህ ሮክሴት የሚባለውን ማጣበቂያ ጠብታ አድርግ፣ አምራቹ ባለው ልክ አጥብቀህ (ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ፉት-ፓውንድ ይላሉ) 24 ሰዓት ተወው። ተራውን ሎክታይት ሙቀቱ ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ማፈኛውን ልፈታ ስትል ማሰሪያው አብሮ ይፈታል። ሮክሴት በውሃ ስለሚለቅ መንቀል ስትፈልግ አፈሙዙን ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው።

መልስ 7፦ ሕግ_አዋቂዋ

ወንድሜ፣ ስለ ፈቃዱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ጥይት መያዝ እንኳ ሊያስከስሰው ስለሚችል ጠበቃ ሳያማክር እጁን አያስገባ።

በ1934 ከወጣው ሕግ ጀምሮ የነበረው የ200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። የቀረው ግብሩ ብቻ ነው፤ ምዝገባው እንዳለ ነው። ፎርም 4 (የማዛወሪያ ማመልከቻው)፣ የጣት አሻራ፣ ፎቶ፣ የጀርባ ማጣሪያ ሁሉም ይጠየቃሉ። ፈቃዱ እስኪመጣ ማፈኛው ሻጩ ዘንድ ይቀመጣል።

በግል ስምህ ካስመዘገብክ አንተ በሌለህበት ባለቤትህም ሆነች ወንድምህ ሊይዙት አይችሉም። የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን ለእነሱ መተውም ያስጠይቃል። ቤተሰብ እንዲጠቀምበት ከፈለግህ በትረስት (ንብረቱን በጋራ በሚይዝ ሕጋዊ ሰነድ) አስመዝግበው፤ ትረስቱ ውስጥ ያሉት በሙሉ አሻራ ይሰጣሉ።

ቴክሳስ ውስጥ ለአደን ይፈቀዳል። ዘመድ ልትጠይቅ በመኪና ስትወጣ ግን መንገዱን እይ፦ ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ኒውጀርሲ፣ ኢሊኖይ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሮድ አይላንድ፣ ዴላዌርና ሃዋይ ለግለሰብ አይፈቅዱም፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንደዚያው። ቨርጂኒያ የተፈቀደልህን ይዘህ ድልድዩን ወደ ዲሲ ተሻግረህ ምሳ ልብላ ብትል ወንጀል ይሆናል። ከአሜሪካ ውጭም ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ ወደየትም አገር አይወጣም፣ ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ለአደን ልሂድ የሚባል ነገር የለም።

ኢንተርኔት ላይ በ40 ዶላር «የዘይት ማጣሪያ» ወይም «የማጽጃ ማጠራቀሚያ» ተብሎ የሚሸጠውን አትንካ። ያልተመዘገበ ማፈኛ እስከ 10 ዓመት እስር ያስቀጣል፣ ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ስም አያድንህም።

ቆላ_አዳኝ፦

ገባኝ፣ ክላሹን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ማፈኛውን ሳወጣና ሳስገባ ኢላማዬ አይዛባም? ጽዳትስ?

መልስ 8፦ ጆሮ_ጠባቂ

ይዛባል፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው። በርሜሉ ጫፍ ላይ ክብደት ስለጨመርክ ብዙ ጊዜ በ100 ያርድ አንድ ሁለት ኢንች ወደ ታች ይወርዳል። ማነጣጠሪያህን ማፈኛው ታስሮ አስተካክል። ከዚያ አውልቀህ አምስት ተኩስ፣ ልዩነቱን ለካና ሰደፉ ላይ ጽፈህ ለጥፍ። አረሮቹ ኢላማው ላይ የሚያርፉበት ቦታ ከቀን ወደ ቀን ከተበተነ ማፈኛው ላልቷል ማለት ነው፤ በቀጥታ በጥርስ የሚታሰረው በየአምስት አሥር ጥይቱ በጓንት ይነካል፣ ሾጣጣው ማሰሪያ እምብዛም አይላላም።

የ308ና የ5.56 ማፈኛ ብዙ ጽዳት አይፈልግም፣ ግፊቱ ራሱ ይጠርገዋል። የምታጸዳው ማሰሪያውን ነው፤ ሾጣጣው ላይ ካርቦን ከተጋገረ ይጣበቅብሃል። በየ200 ጥይቱ በነሐስ ብሩሽ ፈትገው፣ ሲቀዘቅዝም አንድ ጊዜ ፈታ አድርገህ እንደገና እሰረው። 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ትንሽ ጥይት ግን በዚህ አትተኩስ፤ ያ ጥይት እርሳስ ይረጫል፣ የማይፈታ ማፈኛን እርሳስ ይሞላዋል። እርሳሱን በኮምጣጤና በፐሮክሳይድ አሟሟ የሚሉህን አትስማ፤ የሚወጣው ፈሳሽ በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው።

አንድ ካዝና ከተኮስክ በኋላ ማፈኛውን ወዲያው የጨርቅ መያዣ ውስጥ አትክተት፣ ናይለኑ ቀልጦ ይጣበቅበታል። ግማሽ ሰዓት አቆየው።