የጠዋት ሰልፍ ማስታወቂያ በባቲ ጉድኝት ትምህርት ቤቶች፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ ውይይት

የሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ለወረዳው የምናቀርበው ሐሳብ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙሩ ካበቃ በኋላ ማስታወቂያው ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ካለፈ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይሸራረፋል፤ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችም መገፋፋት ይጀምራሉ፤ ያኔ ማንም ማንንም አይሰማም። ማስታወቂያ ያለው መምህር በዋዜማው እስከ 9 ሰዓት ተኩል ጽፎ ማስታወቂያውን ለሚያነበው ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ይስጥ። ሰልፍ ላይ ማይክ ተቀብሎ «አንድ ነገር ልጨምር» ማለት ይቅር፤ ጊዜውን የሚበላው እሱ ነው።

የታችኛው ሳይክል ዩኒት ሊደር፦
እስማማለሁ፤ ግን የቋንቋው ነገር ተዘርዝሮ ይጻፍ። አማርኛው ተነቦ ካለቀ በኋላ ኦሮምኛው ሲከተል ግማሹ ሰልፍ ተራውን እስኪያገኝ ወሬ ይይዛል። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው እያንዳንዱን ነጥብ እየተቀባበሉ ያንብቡ፤ በቀን ከ4 ነጥብ አይብለጥ። ቀንና ሰዓት ሁለት ጊዜ ይባል። የጠፋ ዕቃ ሲገኝ «ሹራብ ተገኝቷል» ብቻ ይበቃል፤ ቀለሙን ባለቤቱ ይናገር።

የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ሰብሳቢ፦
የሰኞን ገበያ አትርሱት። ሰኞ ከገጠር የሚመጣው ልጅ ፍየል ይነዳል ወይ ቤት ይጠብቃል፤ ሰልፉ ይሳሳል። ስለዚህ ሰኞ የተነገረ ማክሰኞ ይደገም። የወላጅ ጥሪ ደግሞ ዓርብ በወረቀት ይላክ፤ ወላጁ ሰኞ ለገበያ ሲወጣ ጎራ ማለት ይቀለዋል። ሌላው፣ የስም ዝርዝር በማይክ አይነበብ፤ መዋጮ ያልከፈለም፣ የደብተር ድጋፍ የሚሰጠውም። ልጅ ጓደኞቹ ፊት አንገቱን ከደፋ በማግስቱ ይቀራል። በክፍል ኃላፊው በኩል ለብቻው ይነገረው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወላጅ፦
ስለ ዕቃው ልናገር፤ «ድምፁ አይሰማም» ሲባል ሁሌ አምፕሊፋየር ግዙ ይባላል፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሽቦው ላይ ነው። 60 ሜትር በቀጭን 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጎትቶ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ጭነት ሲነዳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ሽቦው ላይ ይቀራል። ባለ 2.5 ይሁን። 16 ኦም የሆኑ 2 ሆርኖች (የጥሩምባ ቅርጽ ያላቸው ድምፅ ማጉያዎች) ጎን ለጎን (ፓራለል) ሲገናኙ 8 ኦም ይሰጣሉ፤ ከአምፕሊፋየሩ 8 ኦም መውጫ ጋር ይገጥማሉ። ባለ 8 ኦም ሁለት ከታሰሩበት ግን 4 ይሆንና አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ፊውዝ ይበላል።

የሚያፏጨው ማይኩ ሆርኑ ፊት ሲቆም ነው። ሆርኖቹ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍ ብለው፣ ወደ ሰልፉ ትንሽ ዘንበል ብለው ይሰቀሉ፤ አንባቢዎቹ ከኋላቸው ይቁሙ። ልጆች የማይኩን ጭንቅላት በእጃቸው ይሸፍኑታል፤ ያም ያስጮኸዋል። እጀታውን ይዘው ከአፋቸው አራት ጣት ያርቁት። ገመዱም እጀታው ላይ አይጠምጠም፤ ከአንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ የሚበጠሰው በዚያ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ባለ 12 ቮልት መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ይመረጥ። 5 አምፒር ቢስብ እንኳ በቀን 10 ደቂቃ ከ1 አምፒር ሰዓት በታች ነው፤ ባለ 12 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሳምንቱን ይዘልቃል። ዓርብ ይሞላ። ክረምቱን ባዶውን ከተቀመጠ ግን ይሞታል፤ ሰኔ ላይ ሞልቶ ማስቀመጥ፣ በየወሩም ቻርጅ ማድረግ ግድ ነው።

የሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እንዳለ ይገባል። አንድ ልጨምር፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርዱት ተሳቢዎች በበሩ ፊት ስለሚያልፉ የመንገድ አሻጋገር ማሳሰቢያ በሳምንት አንዴ ይደገም፤ መኪናው ሲያልፍም አንባቢው ዝም ብሎ ይጠብቅ።

የወመህ ሰብሳቢ፦
ጥሩ። የሽቦ፣ የባትሪና የሁለቱ ሆርኖች ፕሮፎርማ ከሦስት ሱቅ እስከ ሐሙስ ይሰብሰብ። ሆርን ሲጠየቅ «16 ኦም» መባሉ አይዘንጋ። ባትሪውን በየትምህርት ቤቱ ማን እንደሚሞላ ርዕሳነ መምህራን ተጠሪ ይመድቡና በረቂቁ ላይ ይስፈር።