«የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ሲባል መርጋት ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ሁሌም የሚፈታልኝ «ታገስ፣ ዝም በል፣ ጊዜ ራሱ ይፈታዋል» ተብሎ ነው። ግን ወተት ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ቅቤ ይወጣዋል እንዴ? የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦
ጥሩ ጠየቅክ ወንድሜ። አይወጣውም። እናቴና አክስቴ ሲንጡ እያየሁ ስላደግኩ ይሄ አፈታት ሁሌ ይከነክነኛል።

«ረጋ» እዚህ ጋ የሙያ ቃል ነው። ወተቱ ረጋ ማለት እርጎ ሆነ ማለት ነው፤ «እርጎ» ራሱ ከ«ረጋ» የወጣ ስም ነው። በየቀኑ የታለበው በወይራ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀምና ሁለት ሦስት ቀን ሳይነካ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ትዕግሥት አለ፣ አልክድም። ሳይረጋ የተናጠ ወተት ድካሙ ብዙ፣ ቅቤው ጥቂት ነው። ከመርጋት ቀጥሎ ግን መናጥ አለ። ምሳሌው ይህን ያልተናገረው ላም ባለበት ቤት ላደገ ሰው መንገር ስለማያስፈልግ ነው እላለሁ። እኛ ወተት በላስቲክ መግዛት ስንጀምር ያልተነገረው ግማሽ ጠፋብን።

መናጥ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። እናቴ የቅሉን አፍ ጥብቅ አድርጋ ትከድንና ጭኗ ላይ አስተኝታ ወዲያና ወዲህ ታደርገዋለች፣ ክንዷ ሲዝል አክስቴ ትቀበላታለች፣ ወሬያቸው ግን አይቋረጥም። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነው። ቅቤው መያዝ ሲጀምር ይለወጣል፣ ቀጠን ይልና ውሃ ውሃ ይላል። አንድ ቀን «ደረሰ ወይ?» ብዬ ስጨቀጭቃት ጆሮዬን ቅሉ ላይ አስጠግታ «አንቺው ንገሪኝ» አለችኝ። በሸክላ የሚንጡ ሴቶች ደግሞ በትንሿ ቀዳዳ ቀጭን ሣር ሰደድ አድርገው ያወጡታል፤ ፍሬ ፍሬ ቅቤ ይዞ ከመጣ ደርሷል።

ስለዚህ «ረጋ ያለ ሰው» ስንል እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ማለታችን አይመስለኝም። ለመናጥ የተዘጋጀ፣ ቢናጥም ፍሬ የሚሰጥ ሰው ነው።

በብዙ ቦታ መናጥን «መግፋት» ይሉታል፣ «ወተት ስትገፋ ዋለች» ይባላል። መጽሐፈ ምሳሌ 30፥33 ላይ ያለውን አስታውሱ፦ ወተት ሲገፋ ቅቤ ይወጣል፣ አፍንጫ ሲጫኑት ደም ይወጣል፣ ቍጣም ሲጎተጉቱት ጠብ ያመጣል ይላል ሐሳቡ። እዚያ ግፊቱ ተነግሮ መርጋቱ ቀርቷል። የእኛው ምሳሌ መርጋቱን ይዞ ግፊቱን ተወው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው አንድ ሙሉ ሥራ ይታየኛል።

ዜና ላይ ግን «መናጥ» የመከራ ቃል ብቻ ሆኗል። «በጦርነት የምትናጥ አገር»፣ «በድርቅ የተናጠ ሕዝብ» እንላለን። መንገላታቱ ብቻ ተያዘ፣ ቅቤው ተረሳ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ቤት ውስጥ ማንም ወተት የሚንጠው ሊያሰቃየው አይደለምና።

ሌላ አባል፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅሉ ታየኝ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። አሬራና አጓት አንድ ናቸው? እዚህ አይብ የምናወጣው ከሱቅ በተርሚልክ ገዝተን ነው፣ ልጄ «በተርሚልክ በአማርኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃኝ አሬራ አልኳት።

መልስ፦
አንድ አይደሉም እህቴ። አሬራ ቅቤው ከወጣ በኋላ ቅሉ ውስጥ የሚቀረው ነው፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ነጭ። እሱ ቀስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል። ነጩ እየተሰበሰበ አይብ ይሆናል፣ ከሥር የሚቀረው ገርጣ ያለ ውሃ አጓት ይባላል። አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት ስምንት ሊትር ያህል ወተት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፋሲካ ለት ከዶሮው ወጥ ጎን የምትቀመጠዋን ማንኪያ አይብ አትናቂያት።

ለልጅሽ የሰጠሻት ቃል በጥንቱ ትርጉም ልክ ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ግን አብዛኛው ቅቤ የወጣለት አይደለም፤ ስቡ የተቀነሰ ወተት ላይ እርሾ ጨምረው ያረጉት ነው። ስለዚህ በአሠራሩ ለእርጎ ይቀርባል። «ቀጭን እርጎ» ብትያት ትረዳሻለች፣ አሬራን ደግሞ አገር ቤት ስትመጣ ከቅሉ ስትጠጣ ታውቀዋለች።

አይቡ ግን ከእሱም ይወጣል። አታማስዪው፣ ትንሽ ትንሽ እያሞቅሽ ጠብቂው። እንዲፈላ ከተውሽው ይደርቅና እንደ ጎማ ይሆናል። ሲሰበሰብ እሳቱን አጥፍተሽ እዚያው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ አጥልዪው። እናቴ ሲጠል ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች።

ጠያቂ፦
ለካ እስከ ዛሬ ግማሹን ነው የማውቀው። «የእርጎ ዝንብ» የሚለውንስ? ሳይጠሩት ጥልቅ የሚል ሰው መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ለምን የወተት ሳይሆን የእርጎ ሆነ?

መልስ፦
ወተት ቶሎ ይከደናል። እርጎ ግን ሲቀርብ ተከፍቶ ነው፣ ነጭና ወፍራም ስለሆነም አንዲት ጥቁር ነገር ከገባችበት የማያያት የለም። ሽታውም ዝንብ ይጠራል። እኔ እንደዚህ ነው የገባኝ፣ ሌላ የሰማችሁ ጨምሩበት።