መርማሪ በውሸት ያገኘው የእምነት ቃል ይጽና ወይስ ይውደቅ?

ሜሮን፦
ክርክሩን በዚህ ልክፈት። ተጠርጣሪው ተይዟል፤ መብቱ ተነግሮታል፤ አልተመታም፣ አልተዛተበትም። መርማሪው ግን «አሻራህ ቢላው ላይ ተገኝቷል» ይለዋል። የተገኘ አሻራ የለም። ሰውየው ወንጀሉን ፈጽሜያለሁ ብሎ አመነ። በሥነ ምግባር ትምህርት አንድን ድርጊት «የሰውየው ነው» ለማለት ማወቅ፣ ነጻነትና ፈቃድ ያስፈልጋሉ። ይህ የእምነት ቃል ሦስቱን ያሟላል? ፍርድ ቤትስ ይቀበለው?

ሄኖክ፦
ይቀበለው። ማታለልና ማስገደድ አንድ አይደሉም። ሰውየው የማያውቀው ፖሊስ እጅ ያለውን ማስረጃ እንጂ የገዛ ሥራውን አይደለም። የሠራ መሥራቱን ያውቃል፣ ያልሠራም አለመሥራቱን ያውቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በፍሬዘርና ካፕ መዝገብ ላይ ተጠርጣሪው «የአጎትህ ልጅ አምኗል» ተብሎ በሐሰት ቢነገረውም፣ አጠቃላይ ሁኔታው ሲታይ ቃሉን በፈቃዱ ሰጥቷል ብሎ ወስኗል። ማንነቱን ደብቆ ዕፅ አዘዋዋሪዎች መሃል የሚገባ ፖሊስስ እየዋሸ አይደለም? እሱን ማንም አይቃወምም። ደግሞ ሌላ ምስክር የሌለበት ወንጀል አለ፤ ተጎጂዋም መብት አላት።

ትዕግሥት፦
ሄኖክ፣ የምለይህ «ያልሠራ አለመሥራቱን ያውቃል» ያልከው ላይ ነው። ሳውል ካሲን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ እንዲጽፉ ተደረገ፤ «ኦልት» የሚለውን ቁልፍ እንዳይነኩ ተነገራቸው። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ቁልፉን ነካችሁ ተባሉ። አንዳቸውም አልነኩም። ሆኖም ከመቶ 69ኙ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ፈረሙ፤ 28ቱ እውነትም እንደነኩት ከልባቸው ተቀበሉ፤ 9ኙ ያልሆነውን ዝርዝር ሁሉ ፈጥረው አወሩ። ሥራው በተጣደፈበትና «ሲነካ አይቻለሁ» የሚል ሐሰተኛ ምስክር በቀረበበት ቡድን ያልፈረመ አልነበረም።

ወደ ሥነ ምግባሩ ስንመለስ፣ አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰውየው ቢጥር ሊያስወግደው የሚችለውና የማይችለው። የታሰረ ሰው የአሻራውን ውጤት የሚያጣራበት መንገድ የለውም። አለማወቁን ያመጣበት መርማሪው ነው፣ የዘጋበትም እሱው ነው። ከዚያ «መካድ ዋጋ የለውም፣ ባምን ይሻለኛል» ብሎ ሲመርጥ፣ ምርጫው የቆመው በተሰጠው ሐሰት ላይ ነው። ፈቃድ የሚመርጠው ማወቅ ካሳየው ውስጥ ነውና፣ ማወቁ ሲበላሽ ፈቃዱም አብሮ ይጎድላል።

ሄኖክ፦
ቁልፍ መንካትና ነፍስ ማጥፋት አይወዳደሩም። ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ነገር ማን በዋዛ ያምናል?

ብርሃኑ፦
ያምናሉ ልጄ፤ መዝገቡ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ሴት ላይ በደረሰ ጥቃት ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ተይዘው በኋላ ተፈረደባቸው። ለአንደኛው «አሻራህ ልብሷ ላይ አለ» ተብሎ በሐሰት ተነግሮት ነበር። ልጆቹ የሰጡት ቃል እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፤ ዲኤንኤው የአንዳቸውም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ሰው አምኖ ዲኤንኤውም ሲገጥም ፍርዱ ተሻረ። ድሪዚንና ሊዮ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ሐሰትነታቸው የተረጋገጠ 125 የእምነት ቃሎችን መርምረው፣ የምርመራው ርዝመት በታወቀባቸው መዝገቦች አማካዩ 16.3 ሰዓት ሆኖ አግኝተውታል። ሰውየው ከዚያ ክፍል ለመውጣት ሲል ያምናል፤ ነገ ማስረጃው ነጻ ያወጣኛል ብሎ ያስባል።

የዕፁን ምሳሌ አንስተሃል። ሰላዩ ፊት ያለው ሰው ትቶት መሄድ ይችላል፤ የታሰረው አይችልም። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን መብቱን የነገረው አፍና ስለ አሻራው የሚዋሸው አፍ አንድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ውሸት ከሆነ መጀመሪያ የተነገረውን በምን ይመነው?

አሜሪካ ብቻዋን መለኪያ አትሆንም። የጀርመን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 136ሀ ማታለልን ከማሰቃየትና ከማደንዘዝ ጋር አንድ ላይ ይከለክላል፤ ቃሉ ተከሳሹ ቢፈቅድ እንኳ አይቀርብም። እንግሊዝ ውስጥ በሜሰን መዝገብ (እ.ኤ.አ. 1987) ፖሊስ የጠርሙስ ስባሪ ላይ አሻራ ተገኘ ብሎ ተጠርጣሪውንም ጠበቃውንም ዋሸ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቃሉ መቀበል አልነበረበትም ብሎ ጥፋተኝነቱን ሻረ።

ሄኖክ፦
በልጆች ላይ እስማማለሁ፤ የአሜሪካዋ ግዛት ኢሊኖይ እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው ላልደረሰ እንዲህ ያለውን ማታለል መከልከሏ ትክክል ነው። ለአዋቂ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። መርማሪው ያለውን ማስረጃ በሙሉ ዘርግቶ ይጠይቅ ልትሉ ነው?

ትዕግሥት፦
አላልኩም። አለመናገር ሌላ፣ መዋሸት ሌላ። ካሜራ የተጠርጣሪውን መኪና ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰፈር አይቶታል እንበል። መርማሪው ይህን ይዞ ዝም ይላል። መጀመሪያ «የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» ብሎ ሳያቋርጥ ይሰማል። ቀጥሎ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ይዘጋል፦ መኪናውን ሌላ ሰው ይነዳዋል? ቁልፉ የት ነበር? በየት በየት አለፍክ? ማስረጃውን የሚያወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱንም ከጥቅሉ ወደ ዝርዝሩ። ንጹሑ ቀድሞ «በዚያ አልፌያለሁ» ብሎ ስለተናገረ ታሪኩ ይገጥማል፤ የሚዋሸው ይጋጭበታል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መርማሪው ቸኩሎ ሰዓቱንና ቦታውን በመጀመሪያው ጥያቄ ሲጥለው ነው፤ ያኔ ተጠርጣሪው ታሪኩን በልኩ ይሰፋል።

ሌላው ጥንቃቄ፣ ለሕዝብ ያልተነገሩ ሁለት ሦስት ዝርዝሮችን ማስቀረት ነው። ሰውየው ራሱ ካነሳቸው ቃሉ ክብደት አለው። ይህ የሚሠራው ግን ቀረጻው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ከጀመረ ነው። የመጨረሻው ማመን ብቻ ከተቀረጸ ዝርዝሩን ማን ለማን እንደነገረ አይታወቅም።

ሜሮን፦
ውሸቱ አንዴ ከተነገረስ? መዝገቡ አበቃለት?

ብርሃኑ፦
የግድ አይደለም፤ አቋራጭ ግን የለውም። ምርመራው ይቆማል፤ የተባለው ቃል በቃል ከነሰዓቱ ይጻፋል፤ ዐቃቤ ሕግም ጠበቃም እንዲያውቁት ይደረጋል። በማግሥቱ ሌላ መርማሪ አምጥቶ ያንኑ ማስደገም አያጥበውም፤ ሐሰቱ ሰውየው ልብ ውስጥ አለና። «ስለ አሻራው የተባልከው ሐሰት ነበር፤ እስካሁን የተናገርከው አንተ ላይ አይቀርብም» ተብሎ፣ ከጠበቃው ጋር ተማክሮ፣ ዝም ማለትም እንደሚችል አውቆ እንደገና ከተናገረ ቃሉ የራሱ ይሆናል።

ከውሸት በከፋ ነገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍራንክፈርት ውስጥ ፖሊስ የታገተ ሕፃን ያለበትን ለማወቅ ተጠርጣሪውን እናሠቃይሃለን ብሎ አስፈራራው። ሰውየው ቦታውን ተናገረ፤ ሕፃኑ ግን አስቀድሞ ሞቶ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ዛቻው መብት መጣስ ነው ብሏል። የጀርመኑ ችሎት በፍርሃት የሰጠውን ቃል ጥሎ፣ ያ ቃል እንደማይቀርብበት ለተከሳሹ ነገረው። ሰውየው ይህን እያወቀ፣ ጠበቃው አጠገቡ ተቀምጦ፣ እንደገና አመነ። የተፈረደበትም በዚህኛው ቃል ነው።