ያገለገለ የኤርሶፍት ሽጉጥ ስንት ያወጣል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከ3 ዓመት በፊት በ160 ዶላር የገዛሁትን በጋዝ የሚሠራ የቶኪዮ ማሩይ ሃይ-ካፓ 5.1 ኤርሶፍት ሽጉጥ (ትናንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ የጨዋታ መሣሪያ) ከ3 የጥይት ካዝናዎች ጋር መሸጥ አስቤአለሁ። የፕላስቲክ ስላይዱን (ከላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተውን ክፍል) በአሉሚኒየም ለመቀየር 90 ዶላር ስላወጣሁ 250 ዶላር ልጠይቅ ነበር፤ ነገር ግን ገዢውን መበደል አልፈልግም። ተገቢው ዋጋ ስንት ይመስላችኋል?

ምላሽ 1
ወንድሜ፣ ለማሻሻያ የወጣ ገንዘብ በሽያጭ ጊዜ እምብዛም አይመለስም፤ ገዢው ሽጉጡን ማን እንደፈታውና እንዴት እንደገጠመው ስለማያውቅ እንዲያውም ይጠራጠራል። የፋብሪካው ስላይድ ካለዎት መልሰው ይግጠሙትና አሉሚኒየሙን ለብቻው ይሽጡት። ፕላስቲኩ በጠንካራ ጋዝ ሲተኮስ የቆየ ከሆነ ግን ሊሰነጠቅ ስለሚችል አስቀድመው በደንብ ይመርምሩት። ለግምትም ሌሎች የሚጠይቁትን ሳይሆን ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ይመልከቱ።

ምላሽ 2
እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የማየው ካዝናውን ነው። ጋዙ የሚሞላው እዚያ ስለሆነ፣ የቫልቩ ጎሚኒ ከደረቀ ሽጉጡ የቱንም ያህል ቢያምር ገዢው ሌላ ካዝና ለመግዛት ይገደዳል። ሦስቱንም ሞልተው ውሃ ውስጥ ይንከሯቸው፤ አረፋ የሚያወጣው ያፈሳል። አረፋ ያላወጡትንም አንድ ሌሊት አሳድረው ሽጉጡ ላይ በየተራ ገጥመው ይተኩሱ። ከዚያ በ0.20 ግራም ጥይት ፍጥነቱን ይለኩ፤ በዚህ ክብደት በሰከንድ 100 ሜትር ማለት 1 ጁል ጉልበት ነው። ልኬቱን ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ያድርጉት፤ ብርድ የጋዙን ግፊት ስለሚቀንስ ደህናው ሽጉጥ ደካማ ይመስላል። ጥይቱ አቅጣጫ የሚስት ከሆነ የሆፕ-አፕ ላስቲኩ (ጥይቱን እያሽከረከረ የሚያስወጣው) አልቆ ይሆናል፤ እሱን መለወጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ምላሽ 3
በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ብርቱካናማ ምልክት አለ? የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለንግድ በሚቀርብና በሚላክ የኤርሶፍት መሣሪያ ላይ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር እንዲሆን ያዛል። በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በፖሊስ ሲገደል የያዘው የኤርሶፍት ሽጉጥ ይህ ምልክት አልነበረውም። ልጆች ላሉን ወላጆች ይህ ከዋጋ በፊት የሚታይ ጉዳይ ነውና፣ ከተነሣ እባክዎ ሳይመልሱት አይሽጡ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምልክቱ እንዳለ ነው። ካዝናዎቹን ውሃ ውስጥ ስነክራቸው አንዱ አረፋ አወጣ። ስለዚህ በፋብሪካው ስላይድ፣ ከሁለቱ ደህና ካዝናዎች ጋር በ120 ዶላር አቀርበዋለሁ፤ የሚያፈሰውንም ችግሩን ገልጬ ያለ ክፍያ እጨምርለታለሁ።