ከጀርመን የመጣ ዲጂታል ሬዲዮ ዲኤክሴ ላይ ዝም አለ፤ አንቴናው ነው?

ጥያቄ፦ ባለዲኤክሱ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ከረማችሁ። የምነዳው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ጀርመን የምትኖር እህቴ በሰው እጅ የመኪና ሬዲዮ ላከችልኝ። ዲጂታል ነው፤ «ዳብ ፕላስ» ይላል። አብሮት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስስ አንቴና አለ። ከሞባይል ስክሪን ላስቲክ ብዙም አይወፍርም። ጫፉ ላይ መዳብ የመሰለች ትንሽ ልጣጭ አለችው።

የድሮውን ቴፕ አወጣሁና አዲሱን አስገባሁ። አንቴናውን የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ለጠፍሁት። ሬዲዮው ይበራል፣ ብሉቱዝ ይሠራል፣ ድምፁም ሸጋ ነው። ግን ዳብ ላይ «ፈልግ» ስለው ከዳር እስከ ዳር ዞሮ ባዶውን ይመለሳል። ኤፍኤም ላይ ደግሞ ሽሽሽ ብቻ። ገበያው አጠገብ ቆሜ አንድ ጣቢያ ያዘልኝ፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር አሮጌው ቴፕም ከሐምሌ ዝናብ ወዲህ ያንሿሽ ነበር። የለጠፍሁበት ቦታ ነው ጥፋቱ? ጣራውን በስቼ ሌላ አንቴና ልትከል?

መልስ፦ ዳንግሌው (ስቱትጋርት)

ወንድሜ፣ ጣራህን እንዳትነካ!

ዳብ የሬዲዮ ጣቢያዎች በዲጂታል የሚያስተላልፉበት መንገድ ነው። እዚህ አውሮፓ ተለምዷል። ኖርዌይ በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ወደ ዳብ አዛውራለች። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ መኪና ላይ የሚገጠም ሬዲዮ ዲጂታል ስርጭት መቀበል አለበት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እናንተ ዘንድ ግን በዳብ የሚያስተላልፍ የለም። እህትህ እዚህ ሱቅ ውስጥ ያለውን ነው የገዛችልህ። ሬዲዮው ደህና ነው፤ የሚፈልገው ጣቢያ ነው የሌለው።

ያ ስስ አንቴናም ለኤፍኤም አይሆንህም። ዳብ የሚሠራው ከ174 እስከ 240 ሜጋኸርዝ ባለው ነው። ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ሬዲዮውን ከኋላ እየው፤ ሁለት የአንቴና ቀዳዳ አለው። ቀጭኗ የዳብ ናት፣ ወፍራሙ የኤፍኤም ነው። ወፍራሙ ላይ ምን ሰክተሃል? «ምንም» ካልከኝ ነገሩ አለቀ።

ለነገሩ አለጣጠፉንም ተሳስተሃል መሰለኝ። እኔም የዛሬ አምስት ዓመት አሮጌ ጎልፌ ላይ ተሳስቻለሁ። ያቺ መዳብ የመሰለች ልጣጭ ጌጥ አይደለችም። ከመስታወቱ ጎን ያለውን ፕላስቲክ አውልቀህ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ቀለሙን ፈቅፍቀህ፣ ባዶ ብረት ላይ ነው የምትጣበቀው። እኔ ፕላስቲኩ ላይ ለጥፌያት አንድ ወር ሙሉ ሬዲዮውን ስረግም ከረምሁ። ደግሞ አንቴናው ውስጥ ማጉያ ስላለው ኃይል የሚያገኘው በዚያው በቀጭኑ ሽቦ ነው፤ ሜኑው ውስጥ የአንቴና ኃይል የሚለውን ካላበራኸው ሙት ነው። አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ ያንን ፕላስቲክ ዝም ብላችሁ እንዳትገነጥሉ። ከሥሩ ኤርባግ ሊኖር ይችላል። ዲኤክስ ላይ ይህ ስጋት የለም።

መልስ፦ ቀልደኛው (ፍኖተ ሰላም)

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! የሌለ ጣቢያ ፍለጋ የፊት መስታወት ማበላሸት።

መልስ፦ ባለቴስተሩ (ባሕር ዳር፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን)

ቀልዱን ተወው፤ ልጁ ተቸግሯል። ዳንግሌው ስለ ዳብ ያለው ልክ ነው። የኤፍኤሙን ለኔ ተወው።

ዲኤክስ የራሱ አንቴና አለው። ተስቦ የሚወጣው ዘንግ ነው። ከሱ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ በክሩስኮቱ (በዳሽቦርዱ) ውስጥ አልፎ ቴፑ ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ እሱን ፈልገህ አዲሱ ሬዲዮ ወፍራሙ ቀዳዳ ላይ ስካው። ካልገጠመ መለወጫ አለ፣ ርካሽ ነው። ሽቦውን ቆርጠህ በናስትሮ ለማገናኘት እንዳታስብ። የመሐሉ ሽቦና ዙሪያውን የሸፈነው መረብ ከተነካኩ አለቀልህ።

ከሰካህ በኋላም ካንሿሸ ቴስተር ያዝ፤ ሁለቱ ጫፎቹ የነኩት ነገር ከተገናኘ የሚጮኸውን መለኪያ ማለቴ ነው። ሽቦውን ከሬዲዮው ንቀል። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የአንቴናው ዘንግ ላይ፣ ሌላውን መሰኪያው መሐል ያለችው መርፌ ላይ አድርግ፤ መጮህ አለበት። ቀጥለህ መርፌዋንና ውጭውን ብረት ለካ፤ መጮህ የለበትም። ከጮኸ ውስጥ ውሃ ገብቷል ወይ ሽቦው ተቀጥቅጧል። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ የመሰኪያውን ውጭ ብረትና የመኪናውን አካል ለካ፤ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ማሳ የለህም፤ አንቴናው ከመኪናው አካል ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። አሮጌ መኪና ላይ ከማገኘው የአንቴና ብልሽት የሚበዛው ይኸው ነው። አንቴናው የታሰረበት ላሜራ ይዝጋል። ከውጭ ሲያዩት የታሰረ ይመስላል፤ ከሥር ዝገት ነው። ከሐምሌ ወዲህ ነው ማለትህ ይህንን ያስጠረጥረኛል።

ባለዲኤክሱ

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሳፋሪ ነው፤ ወፍራሙ ቀዳዳ ባዶ ነው። የድሮው ሽቦ ክሩስኮቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አዲሱ አንቴና ለሁሉም የሚሆን መስሎኝ ነበር። ነገ እሁድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ እገባበታለሁ።

መልስ፦ የፖሊ ተማሪዋ (ባሕር ዳር)

አንድ ነገር ልጨምር። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ሳበው። ኤፍኤም 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገዱ 3 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለአንቴና የሚስማማው የዚያ ሩብ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የመኪና አጣቢ ልጆች እንዳይሰብሩት ብሎ ግማሹን አስገብቶ ይነዳና ሬዲዮው ደካማ ነው ይላል። የዳቡ አጭር የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሞገዱ ከኤፍኤም ግማሽ ያህል ነው።

መልስ፦ የቡሬው (አይሱዙ)

የስልክ ቻርጀርህንም ንቀለውና ሞክር። እኔ ሦስት ወር አንቴና ስቀይር ከረምሁ። ለካ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሰካኋት ርካሽ ቻርጀር ናት። ስትነቀል ጣቢያው ይጠራል፣ ስትሰካ ይንሿሿል። የዲናሞ ድምፅ ግን ሌላ ነው፤ ነዳጅ ስትረግጥ አብሮ «ዊይይ» እያለ ይጨምራል።

ጥያቄ ውስጥ ጥያቄ፦ ባለቪትዟ (ባሕር ዳር)

ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅ። የእኔ ቪትዝ ከጃፓን የመጣ ሬዲዮው እንዳለ ነው። 96.9 ልከፍት ስል ቁጥሩ 90 ላይ ይቆማል። ይህም አንቴና ነው?

መልስ፦ ባለቴስተሩ

አይደለም እታለም። የጃፓኑ ሬዲዮ የተሠራው ከ76 እስከ 90 ላለው ነው። አንቴና ብትቀያይሪ ለውጥ የለውም። አንቴናውና ሬዲዮው መሐል የምትገባ ቁጥር አውራጅ ትንሽ ዕቃ አለች። 20 የምትቀንስ ከሆነች 96.9 የሚከፈተው 76.9 ላይ ነው። ግን ሬዲዮሽ ያለው የ14 ሜጋኸርዝ ስፋት ስለሆነ ሁሉንም አይይዝልሽም። ገንዘብ ካለሽ ሬዲዮውን ቀይሪው። ስትቀይሪ ታዲያ ጣራው ላይ ያለችው አጭሯ አንቴና ማጉያ አላት። ከአዲሱ ሬዲዮ የሚወጣው ሰማያዊ ሽቦ ኃይል ካልሰጣት፣ በሳምንቱ «አዲሱ ከአሮጌው ባሰ» ብለሽ ትመጫለሽ።

ባለዲኤክሱ

ተመለስሁ። ሽቦውን ሰካሁት፤ ተሻለ ግን አንሿሸ። የጎረቤቴን ቴስተር ተዋስሁ። አንደኛው ጮኸ፣ ሁለተኛው ዝም አለ፣ ሦስተኛውም ዝም! አያ ያሉት ነው። አንቴናው የታሰረባትን ብሎን ስፈታ ከሥሯ ቡናማ ዱቄት እንደ በርበሬ ተራገፈ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈቀፈቅሁት፣ ግራሶ ቀባሁና መልሼ አጠበቅሁት። ቴስተሩ ጮኸ። ከዚያ ሬዲዮውን ስከፍተው ልጄ ከቤት ወጥታ «ማን መጣ?» አለች፤ ድምፁ ሰው የመጣ አስመስሎት።

ማክሰኞ ባሕር ዳር ጭነት ነበረኝ። 96.9ን ድሮ የማገኘው ከተማው ሊገባ ስል ነበር። አሁን መርዓዊ ሳልደርስ ያዘ። አንድ የቀረኝ ነገር፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ጭጭ ይላል። ለእሱስ መላ አለው?

መልስ፦ ባለቴስተሩ

ለሱ አንቴና አይሠራም። ኤፍኤም በቀጥታ የሚሄድ ነው፤ ገደል ውስጥ ተራራው ይከልልሃል። ደጀን ላይ ፍላሽህን ስካ። ግራሶውን ደግሞ ከላይ በደንብ ድገመው፣ ውሃ እንዳይገባ።

መልስ፦ ዳንግሌው

ስሷን አንቴናስ ምን አደረግሃት?

ባለዲኤክሱ

እንደተለጠፈች ናት። እህቴ ለጥምቀት ትመጣለች፤ ካልታየቻት ትቀየመኛለች።