ስፒትፋየር 1/48፦ አክሪሊክና ኢናሜል በአንድ ሞዴል ላይ፣ የትኛው ይቅደም?

ባለ48
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ማርክ 5ቢ 1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) የፕላስቲክ ሞዴሌ ተገጣጥሞ አልቋል፣ የቀረው ቀለሙ ነው። የምፈልገው እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1941 ጀምሮ የገባውን የቀን ተዋጊዎች ቀለም ነው፦ ከላይ ዳርክ ግሪንና ኦሽን ግሬይ፣ ሆዱ ሚዲየም ሲ ግሬይ። ለላይኛው የታሚያ አክሪሊክ ኤክስኤፍ-81 (ዳርክ ግሪን) እና ኤክስኤፍ-82 (ኦሽን ግሬይ) አለኝ። ለሆዱ ግን ያለኝ የሀምብሮል ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ቁጥር 165 ነው።

በትርፍ ፕላስቲክ ላይ 165ን ረጭቼ በማግስቱ 82ን ስደርብበት፣ ላይኛው በደቂቃዎች ውስጥ በቀጫጭን ስንጥቆች ተሞላ። ገልብጬ አክሪሊኩን ከታች፣ ኢናሜሉን ከላይ ሳደርግ ግን ምንም አልሆነም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ቅደም ተከተሉስ እንዴት ይሁን? ዲካል (በውሃ የሚለጠፍ ምልክት) ከተለጠፈ በኋላ የፓነል መስመሮቹን በኢናሜል ዎሽ (በጣም በቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም) ማጉላትም አስቤያለሁ፤ ያ ከስር ያለውን ቀለም ያነሳብኝ ይሆን?

ፕሮፔለር
ሁለቱ የሚደርቁበት መንገድ አንድ አይደለም። አክሪሊክ ውስጡ ያለው አልኮልና ውሃ ተንኖ ሲወጣ ሥራው አለቀ። ኢናሜል ግን ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቲነሩ (ማቅጠኛው) ይተናል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጣት ሲነካ የደረቀ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ማያያዣው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ይህ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። በማግስቱ ስትረጭበት 165ህ ገና ለስላሳ ነበር። ፈጥኖ የሚደርቅ ጠንካራ ሽፋን ገና በሚንቀሳቀስ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ፣ የታችኛው ሲሸሽ የላይኛው ይሰነጠቃል።

ለአንተ ሥራ ቀላሉ መንገድ አክሪሊኩን አስቀድሞ ኢናሜሉን ማስከተል ነው፤ ሙከራህም ያሳየህ ይህንኑ ነው። ችግሩ ሆዱ ከላይኛው ቀድሞ ቢቀባ ማስኩ (የማይቀባውን ቦታ በቴፕ መሸፈኑ) ይቀላል፤ ብዙዎቻችን የምንሠራውም እንደዚያ ነው። 165ን የግድ ማስቀደም ካለብህ በስሱ ርጨውና ቢያንስ አንድ ሳምንት ተወው። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ ጠብቅ። መለኪያው አፍንጫህ ነው፦ ሞዴሉን ክዳን ባለው ሳጥን ለጥቂት ሰዓት ዝጋበት፣ ስትከፍተው የቲነር ሽታ ካለ ቀለሙ ገና ነው። ሳይደርቅ ማስኪንግ ቴፕ ከለጠፍክበት ደግሞ ወይ የቴፑ ምልክት ይቀርበታል ወይ ቀለሙ ተነቅሎ ይመጣል።

ቆርቆሮዋን ማማሰሉ ላይ አትቸኩል። ማት (ደብዛዛ) ወይም እንደ 165 ሳቲን (ከፊል አንጸባራቂ) በሆነ ኢናሜል ውስጥ ቀለሙም ደብዛዛ የሚያደርገው ዱቄትም ከታች ይዘቅጣሉ። ቆርቆሮውን መነቅነቅ ብቻ አይበቃም። ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ዘንግ መሬቱን እየፋቅህ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ አማስል። ዘንጉን ስታወጣ ጫፉ ላይ ወፍራም ጭቃማ ነገር ተጣብቆ ከመጣ ገና አልተዋሐደም። እንዲያው የተቀባ ቀለም አንዱ ጋ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ጋ ይደበዝዛል፤ ሰው ግን ጥፋቱን ኤርብራሹ (በአየር ግፊት ቀለም መርጫው) ላይ ይጥላል።

ኖዝል ዜሮ ነጥብ ሦስት
ፕሮፔለር ያለው ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ሳይጠየቅ ታልፏል። 82ን በምን አቀጠንከው? በስንት ግፊትስ ረጨኸው?

ባለ48
በላከር ቲነር፣ 1 ለ1። ግፊቱ 25 ፒኤስአይ። መርፌው 0.3 ሚሊሜትር ነው።

ኖዝል ዜሮ ነጥብ ሦስት
እንግዲያው ግማሹ ምክንያት እሱ ነው። ላከር ቲነር ለታሚያ አክሪሊክ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ለስልሶ እንዲተኛ ያደርጋል፣ ፕላስቲኩንም አጥብቆ ይይዛል። ከስር ያለውን ኢናሜል ግን ያሳብጠዋል፣ አንዳንዴም ያጨማድደዋል። ሳምንት የቆየ ኢናሜል እንኳ በወፍራሙ ከተረጨበት ላያመልጥ ይችላል። ኢናሜል ላይ የሚረጨውን አክሪሊክ በታሚያው በራሱ ቲነር በኤክስ-20ኤ አቅጥነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ኢናሜሉን የማያረጥቡ ስስ ጉም ይሁኑ፤ በየመሐሉ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ መሸፈን ትችላለህ። ይህ ምክር ለታሚያ እንጂ ለቫሌሆ አይሠራም፦ ቫሌሆ ውሃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አልኮልም ላከር ቲነርም ሲነካው ይረጋና ኖዝሉን ይደፍነዋል።

25 ፒኤስአይ ለካሞፍላጅ ይበዛል። ከ15 እስከ 18 አድርገው። ቀለሙ የወተት ያህል ይቅጠን፤ በኩባያው ግድግዳ ላይ ሲወርድ ስስ ሽፋን ትቶ ያልፋል። ለሰፊው ቦታ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ራቅ። ለጠርዙ ቀለሙን በደንብ አቅጥነህ፣ ግፊቱን ወደ 12 አውርደህ፣ እስከ 3 ሴንቲሜትር ቅረብ። ስትቀርብ ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ከተበተነ ወይ ግፊቱ በዝቷል ወይ ከመጠን በላይ ቀጥኗል። በጣትህ ስትዳብሰው አሸዋማ ከሆነ ደግሞ ሳያርፍ አየር ላይ እየደረቀ ነው፤ ቅረብ ወይም ቲነር ጨምር።

የሁለቱ ቀለሞች ድንበር ላይም ሚዛኑን አስብ። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 1 ኢንች የሚሰፋ ድብዝዝታ በ1/48 ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያንን በነፃ እጅ መጠበቅ ይከብዳል። የሚጣበቅ የፖስተር ማስቲካ በ3 ሚሊሜትር ውፍረት አድቦልቡለህ ድንበሩ ላይ አስተኛውና ኤርብራሹን ቀጥ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ርጭ። ወደ ማስቲካው ሥር ካዘነበልከው ቀለሙ ይገባና ድንበሩ ይሰፋል።

ፕሮፔለር
ስለ ላከር ቲነሩ እስማማለሁ፣ እኔ ያልጠየቅሁት እሱን ነው። የተሰነጠቀው ቁራጭ ካልተጣለ ለሌላ ሙከራ ይሆንሃል፦ አክሪሊኩ ገና ትኩስ ስለሆነ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ሲታሽ ይለቅቃል። ኢናሜሉ ከተረፈ ሳምንት አቆይተህ በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አለስልሰው። ስንጥቅ ላይ ቀለም ደርቦ መሸፈን አይቻልም፤ መስመሩ ተመልሶ ይወጣል።

ባለ48
ገባኝ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ዲካሉና ዎሹስ? የክንፎቹን የፊት ጠርዝ ቢጫና የጭራውን ስካይ (ፈዛዛ አረንጓዴ) ቀለበትም ከዲካል ይልቅ በቀለም ልሠራቸው ነው።

ማት ኮት
ቢጫውና ስካዩ ከሁሉም ይቅደሙ። ቢጫ ከስሩ ያለውን አይሸፍንም፤ ግራጫ ላይ ከተረጨ ወደ አረንጓዴ ይሄድብሃል። ነጭ አንጥፍለት፣ ቢጫውን ርጭ፣ ከዚያ ቴፕ ሸፍነህ ወደ ግራጫዎቹ እለፍ። የጭራው ቀለበት በእውነተኛው 18 ኢንች ነበር፣ በ1/48 ዘጠኝ ሚሊሜትር ተኩል ይመጣል፤ ቴፑን በዚያው ስፋት ቁረጥ። ቴፑን መዳፍህ ላይ አንድ ጊዜ ለጥፈህ ካነሳኸው ሙጫው ይለዝባል። ስታነሳውም ወደ ላይ አትሳብ፣ በራሱ ላይ አጥፈህ ቀስ እያልክ ግፈፈው።

ካሞፍላጁ ካለቀ በኋላ መላ አካሉን በኤክስ-22 አንጸባራቂ ቫርኒሽ ሸፍን፤ ሆዱ ኢናሜል ከሆነ የኖዝልን የጉም ዘዴ እዚህም ተከተል። ዲካል በማት ቀለም ላይ ሲለጠፍ በቀለሙ ጉድጓዶች ውስጥ አየር ይቀራል፤ ግልጹ ጠርዝ ብርማ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ቦታውን በማይክሮ ሴት (ዲካል ማስያዣ ፈሳሽ) አርጥበህ ዲካሉን አስቀምጥ፣ ውሃውን በጥጥ ከመሐል ወደ ጠርዝ አስወጣ፣ ከላይ ማይክሮ ሶል (ዲካል ማለስለሻ) ቀባ። ዲካሉ ይጨማደዳል። እዚያ ላይ እጅህን ሰብስብ፤ ለስልሷልና ከነካኸው ይቀደዳል። ሲደርቅ ራሱ ተዘርግቶ የፓነሉ መስመር ውስጥ ይገባል።

ለዎሹ የሚያስፈልግህ ሌላ አንድ ዙር ኤክስ-22 ነው፤ ዲካሉንም ቀለሙንም ይሸፍናል። በደንብ የደረቀ አክሪሊክ ቫርኒሽን ኋይት ስፒሪት (የኢናሜል ማቅጠኛ) አይነካውም፣ ስለዚህ ከስሩ ያለው 165 ይተርፋል። ቫርኒሹ ኢናሜል ከሆነ ግን ዎሹን ስትጠርግ እሱንም አብረህ ትጠርገዋለህ። ዎሹ ድፍን ጥቁር ባይሆን እመርጣለሁ፤ ለሆዱ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ለላይኛው ጥቁር ቡናማ ይበቃል። መስመሩን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነካ አድርገው፣ ራሱ ይፈስሳል። ሩብ ሰዓት ቆይተህ በኋይት ስፒሪት እርጥብ ባለ ጥጥ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ጥረግ። ጥጡ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መስመሩ ውስጥ ያለውንም ያወጣዋል።

ዎሹ ያልተቀባ ፕላስቲክ ላይ እንዳይጠራቀም ተጠንቀቅ፣ በተለይ የማረፊያ እግሮቹ ሥርና የክንፉ መጋጠሚያ ላይ። ውጥረት ያለበትን ፖሊስታይሪን ፈሳሹ ሰርጎ ያደርቀዋል፣ ከዚያ እግሩ በትንሽ ነገር ይሰበራል።

ባለ48
የመጨረሻው ማት ሲረጭ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ጥቁሩ አረንጓዴ ላይ እንዳይቀር ምን ላድርግ?

ማት ኮት
ያ የሚመጣው ማት ማድረጊያው ሲበዛ፣ ከሩቅ ሲረጭ ወይም አየሩ እርጥብ ሲሆን ነው። በዝናብ ቀን አትርጭ፣ ጠርሙሱን በደንብ አማስል፣ ሁለት ስስ ዙር ይበቃሃል። ከታየብህ ደግሞ አትፋቀው፤ አንድ ዙር አንጸባራቂ ቫርኒሽ ስትረጭበት ብዙውን ጊዜ ነጩ ይጠፋል፣ ከዚያ ማቱን እንደገና ትሞክራለህ። የኮክፒቱ መስታወት ማስክ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አይነሳ።